በግማሽ የቀረው ሙሾ

ተረት ተረት!

፦ ጆሯችን ክፍት!

ምነው ድምፃችሁ ሟሸሸ? ቆሎውን ዋጡና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ድንጋይ እንጂ እህል የማይበቅልበት ቀለም አምባ የሚባል አገር ነበር። ሰዎቹ የሚኖሩት ክር ቀይ እያቀለሙ ነው። እንዴት ያለ ቀይ መሰላችሁ! አውራ ዶሮ ያን ጥለት ሲያይ ጎህ የቀደደ እየመሰለው በጠራራ ፀሐይ ይጮኻል። ቢታጠብ አይለቅ፣ ቢቀቀል አይለቅ። አቀላለሙን ለባዳ ላይናገሩ ተማምለዋል። ማቅለሚያው ቤት ደጃፍ የታሰሩት ውሾች ጥጃ ያህላሉ፤ የገዛ ጌታቸውን እንኳ ደጋግመው አሽትተው ነው የሚያስገቡት።

ከወንዙ ማዶ ደግሞ ቸኮል የሚባል ሀብታም ነጋዴ ነበርና፣ ጎተራ ጎተራ የሚያህሉ ጋኖች ደርድሮ ክር ያቀልማል። የሱ ቀይ ግን ጠል ሲነካው ይለቃል። ምስጢሩን ቢያገኝ ገበያውን ጠቅልሎ ይወስደዋል፤ ቀለም አምባም ጦሙን ያድራል። ስንት ሰላይ ላከ! ውሾቹ ሱሪያቸውን እያስቀሩ መለሱለት።

ከዚያም የቀለም አምባው አውራ ባለሙያ መንበሩ ሞተ። ቸኮል ሰማና አንዱን አሽከሩን ጠራ።

፦ ሂድ፣ ለቅሶ ድረስ። አልቃሽ የሟችን ሙያ ሳትዘረዝር አትውልም።

አሽከሩም ሄደ። ለቀስተኛን ከወዴት መጣህ ማለት ነውር ነውና ማንም አልጠየቀው። ከቀብር መልስ ዳሱ ሥር ተቀመጠ።

አልቃሿ የሟች እህት አንጓች ነበረች። ተነሣችና ጀመረች፦

«ወንድሜ መንበሩ ቀለም አዋቂው፣
ከገደል ላይ ወርዶ ሥሩን ፈልቃቂው፣»

ሰው ሁሉ ዋይ አለ። ሲንሰቀሰቅ የቆየው ባዳ ግን ድንገት ዝም አለ። አንገቱን አሰገገና፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ግጥሙን ያጠና ጀመር። አንጓች አየችው። ቀጥላ የምትለው ሥሩ በምን እንደሚፈላ ነበር። ቃሉን ዋጠችው።

እንዳታስወጣው፣ ለቀስተኛ ይባረራል? እንዳትቀጥል፣ አገር ሊራብ ነው። እንዳትተወው፣ ወንድሟ ሙያ እንደሌለው ሰው ሊሸኝ ነው። ከዚያም እንዲህ አለች፦

«ማንኮራፋትህ ነው ጅብ የሚያባርረው፣
ከእንግዲህ ደጄን ማን ቆሞ ሊጠብቀው?»

ዳሱ አጉረመረመ። የአገሩ ሽማግሌ አባ ሽበሺ ተቆጡ።

፦ ምነው አንጓች! የእጁን ሙያ አንሺለት እንጂ! ማንኮራፋቱን ለሚስቱ ተይላት!

፦ ጅብ ሳይሆን እኔን ነበር የሚያባርረኝ! አለች ሚስትየዋ እያለቀሰች።

አንጓች ሰዉን ዞር ዞር ብላ አየች። በለቅሶ ጊዜ የነጠላው ጥለት ወደ አንገት ይዞራልና፣ ሁሉም እንባውን የሚጠርገው በጥለቱ ነበር። ይህን ስታይ ደረቷን መታችና፦

«ሙያውን አልናገር፣ አንገታችሁን እዩ፤
እንባችሁ ሲያጥበው ለቀቀ ወይ ቀዩ?»

ሰው ሁሉ አንገቱን አየ። ጥለቱ በእንባ ርሷል፤ እንደ ፍም ቀልቷል፤ ነጩን ግን የቀለም ጠብታ አልነካውም። ያን ጊዜ ለቅሶው ቀለጠ! ወንዙ ጨው ጨው እስኪል ተለቀሰ፣ ከብቶቹም ዓመት ሙሉ አሞሌ አላስፈለጋቸው።

የባዳው ጥለትስ? የቸኮል ቀለም አይደል! በሐሰት እንባው ለቆ፣ እጀ ጠባቡን ቀይ አልብሶት፣ ሰውዬው የታረደ በግ መስሎ ተቀምጧል። ሁሉም አየው፣ ሁሉም ገባው። ማንም ግን አላጋለጠው። አባ ሽበሺ ንፍሮ በእፍኛቸው ይዘው ወደሱ ሄዱና፦

፦ እንካ ልጄ፣ ብላ። ለቅሶ ደርሰሃል። አገርህ ሩቅ ነው፣ ሳይመሽብህ ተነሥ።

በላና፣ «ነፍስ ይማር» አለና፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ቸኮልም፦

፦ እሺ፣ ምን ሰማህ? አለው።

፦ ሰውዬው ያንኮራፋ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ አንጓች ብቻዋን ወደ መቃብሩ ሄደች። ጎንበስ አለችና፣ አፏን ከአፈሩ አስጠግታ፣ የቀረውን ሙሾ ለወንድሟ ሹክ አለችው። ምን እንዳለችው እኔ አልሰማሁም፤ ብሰማም አልነግራችሁም።

በሉ፣ ተረቴን ወሰዳችሁ፤ ዳቦዬን ደግሞ ወዲህ በሉ። ከዳሩ አይደለም፣ ከመሀሉ!