ለሃምሳ አምስት ቀን የተሰቀለ ክራር

«ልጅቷ ክራር ልማር ትላለች፤ ብፈቅድላት የት ትደርስብኝ ይሆን?»

ወይዘሮ የሻረግ ይህን ጥያቄ ለንስሐ አባታቸው አቅርበዋል፣ ለጎረቤት አቅርበዋል፣ እንዝርታቸውን እያሾሩ ለራሳቸውም ደጋግመው አቅርበዋል፤ መልስ ግን አላገኙለትም። በሸማ ተራ ሰፈር ልጁን ከወደደው ነገር ለማስቀረት ደፋ ቀና የሚል ወላጅ ሲገጥማቸው ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አጭር አባባል አለች። እሷም የተወለደችው ከዚሁ ከወይዘሮ የሻረግ ጭንቀት ነው።

ወይዘሮ የሻረግ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማሩ፣ ለሰፈሩ ደብዳቤ የሚያነቡ፣ ማመልከቻም የሚጽፉ ሴት ናቸው። ብቻ መጨነቅ ይወዳሉ። ደመና ሲያዩ ጎርፍ፣ ልጅ ሲስል የሳንባ ምች ይታያቸዋል። ፈትላቸውም እንደ ሐሳባቸው ነበር፤ እዚህ ጋ ይወፍራል፣ እዚያ ይሳሳል፣ ሲብስባቸው ደግሞ ብጥስ ይላል። ፈትላቸውን እየወሰዱ የሚሸምኑላቸው ሽማግሌው አያ ደምለው፣ የየሻረግን ጋቢ የለበሰ ሰው በጣቱ ዳብሶ የዓመት ሐሳቧን ያነበዋል እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

የልጅ ልጃቸው ትርንጎ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ለሥራ ከተማ ስለገባች የምታድገው በእሳቸው እጅ ነው። የትምህርት ቤቱ መምህር ልንገረው ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን ክራር ያስተምራል። ትርንጎን ለአንድ ወር ሞክሯት ደስ ስላለው ክራር አውሶ ሰደዳትና ፈቃድ ሊጠይቅ እቤት ድረስ መጣ። ወይዘሮ የሻረግም ያላሉት የለም። ሰው አዝማሪ ይላታል፣ መጨረሻዋ ጠጅ ቤት ነው፣ ሒሳቧም ይደክማል አሉ። ዋናውን ፍርሃታቸውን ግን አልተናገሩም። ታናሽ ወንድማቸው ስመኘው ክራር ክራር እንዳለ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ቀርቷል። እናታቸው ለሰባት ፋሲካ ከዶሮው ብልት የእሱን ድርሻ እያነሱ አስቀመጡለት፤ በስምንተኛው ተዉት።

ይህ ሁሉ የሆነው በቅበላ ሰሞን ነው። በሁዳዴ ዘፈን ስለማይዘፈን ክራር ይሰቀላል። ለወይዘሮ የሻረግ መላ ብልጭ አለላቸው።

«ሃምሳ አምስቱን ቀን ይሰቀል» አሉት መምህሩን። «በማግስተ ፋሲካ እናወርደዋለን። ያን ጊዜ ጣቷ ካልረሳው እኔው ራሴ እጇን ይዤ አመጣልሃለሁ። ከረሳው ግን ሁለተኛ በዚህ ደጅ እንዳላይህ።»

መምህሩ የጀማሪ ጣት ይህን ያህል ሥራ ከፈታ እንደሚደነዝዝ ነግሮ ተማጠናቸው። እሳቸው የፈለጉትም ይህንኑ ነበርና ስምምነቱ ጸና። ክራሩን በጎረቤት መሰላል ወጥተው ከጣሪያው ወራጅ ላይ አንጠለጠሉት።

ትርንጎ አላለቀሰችም። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት፣ በቅድስት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገባቸው ቁጭ አለችና፣ «እማማ፣ ጥጡን እኔ ልንደፍልሽ?» አለቻቸው። ደጋኑን ሰጧት። ጎበጥ ባለው እንጨት ላይ የተወጠረውን ጅማት ጥጡ ውስጥ አስገብታ በጣቷ ስትመታው ጥጡ እየተፍታታ እንደ አረፋ ይነሳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ትነድፋለች፣ አያት ይፈትላሉ። ክራሩን ረስታ ሥራ ወደደችልኝ ብለው ወይዘሮ የሻረግ ስለት ሊያስገቡ ምንም አልቀራቸው።

በጾሙ ሰባተኛ ሳምንት፣ በኒቆዲሞስ፣ አያ ደምለው ፈትል ሊወስዱ መጡ። ክሩን በሁለት ጣታቸው መካከል አሳለፉት፤ ወደ ብርሃኑ ወስደው እንደገና አሳለፉት።

«ይህን ማን ፈተለው?»

«ማን ይፈትለዋል? እኔው ነኝ እንጂ።»

«የሻረግ፣ ፈትልሽን ሠላሳ ዓመት ሸምኜዋለሁ። ይሄ አንድ ቋጠሮ የለበትም። ወይ ጭንቀት ትተሻል፣ ወይ ሰው ቀጥረሻል።»

ወይዘሮ የሻረግ ከፋቸውና እንዝርታቸውን አንስተው እያዩዋቸው መፍተል ጀመሩ። ትርንጎ ጥግ ላይ ጥጧን ትነድፋለች፤ ድም፣ ድም ድም፣ ድም። ሽማግሌው እንዝርቱን አዩ፣ ደጋኑን ሰሙ። ከዚያ ልጅቷን በእጃቸው ቆይ አሏት። ደጋኑ ዝም ባለ ጊዜ እንዝርቱ ተንገዳገደና ክሩ ተበጠሰ። ቀጥዪ አሏት፤ ክሩም ቀና።

ወይዘሮ የሻረግ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ትርንጎ፣ ምንድን ነው የምትመቺው?»

«ጥጥ ነው፣ እማማ» አለችና አቀረቀረች። «መምህር ያስተማረን ምት ነው። ጅማቱ አንድ ብቻ ስለሆነ ዜማው አይወጣውም። ግን ጣቴ እንዳይረሳብኝ ብዬ ነው።»

አያትየው ተነስተው ደጋኑን ከእጇ ነጠቁ። በጾም፣ ያውም በገዛ ጥጤ እያሉ አጉረመረሙ። አያ ደምለው ጥጥ መንደፍ ጾም ያስገድፋል ያለ ቄስ እስካሁን አልገጠመኝም ሲሉ ሊያስቋቸው ሞከሩ፤ ወይዘሮ የሻረግ ግን ደጋኑን እንደያዙ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ስመኘውም እንዲህ ነበር፣ አያ ደምለው። እንዲህ እንዲህ ሲል ነው ያጣሁት።»

ሽማግሌው ቀልዳቸውን ተዉት።

«ስመኘውን ያስወጣው ክራር ነው? ያን ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ። አባትሽ ክራሩን ጉልበታቸው ላይ ሰብረው እሳት ውስጥ ሲጨምሩት ነው ልጁ ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ የወጣው። አንቺም አይተሻል።»

እውነት ነው፣ አይተዋል። ይህን ታሪክ አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ሲያወሩ ያቺን ቦታ እየዘለሉ ነበር የሚያወሩት።

ከዚያ ደጋኑን ትርንጎ ጭን ላይ መልሰው አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አጣፉና ከቤት ወጡ። ትርንጎ ለንስሐ አባታቸው ሊከሷት የሄዱ መስሏት ደንግጣ ወደ በሩ ሮጠች። እሳቸው ግን የቤተ ክርስቲያኑን መታጠፊያ አልፈው፣ ፋሲካን ሳይጠብቁ፣ ወደ መምህር ልንገረው ቤት የሚወስደውን ዳገት ተያያዙት።

አያ ደምለው ፈትሉን በብብታቸው ሸጎጡና ከኋላዋ መጥተው ትከሻዋን ያዝ አድርገው፣ «ይኸውልሽ ልጄ፣ ክራር ቢሰቅሉ፣ ጣት አይሰቅሉ» አሏት።