ሬዲዮ የተባለው የጆሮ መሣሪያ

ጆሮዋ ከደከመ ሦስት ዓመት የሆናት አንዲት ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ደንበኞቿ የሚሏትን መስማት ስላቃታት ገበያ መውጣቱን ትታ ቤት ዋለች። ጅቡቲ የሚሠራው ልጇ ይህን ሲያውቅ የመስሚያ መሣሪያ ገዝቶ ላከላት።

ዕቃውን ልትረከብ ጉምሩክ ሄደች። የቀረጥ ምደባ ኃላፊው አቶ ዘርጋው ተናግረው የማይጠግቡ፣ ሲመለስላቸው ደግሞ የማይወዱ ሰው ነበሩ። መሣሪያውን አገላብጠው አዩና፣ "እስቲ ጆሮዎ ላይ ያድርጉትና ይሥራ አይሥራ ልይ" ብለው ወደ ጆሮዋ በእጃቸው አመለከቷት። አደረገችው። የወረፋው ጫጫታ ሁሉ ሲሰማት እንባዋ መጣ።

"ይሰማል?"

"ጥርት አድርጎ!"

ኃላፊው ያን ጊዜ ወፍራሙን የታሪፍ መጽሐፍ ገለጡ። "ባትሪ አለው፤ ድምፅ ይቀበላል፤ ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ ሬዲዮ ነው፤ የሬዲዮ ቀረጥ ይከፈልበታል።"

የሕክምና ዕቃ መሆኑን ልታስረዳ ብትሞክር አላስጨረሷትም። ስለ ሕጉ፣ ስለ መጽሐፉ፣ በመጨረሻም ስለ ሃያ ዓመት ልምዳቸው ወረፋው እስኪያጉረመርም ድረስ ተናገሩ። "አሁን ገባዎት?"

"ገብቶኛል ጌታዬ" አለች ሴትዮዋ። "ሬዲዮ ከሆነ ቀረጡን እከፍላለሁ። ብቻ ጣቢያው በየት በኩል እንደሚቀየር ያሳዩኝ፤ ከከፈትኩት ጀምሮ የሚያወሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

የወረፋው ሰው በሳቅ አውካካ። አቶ ዘርጋው ፊታቸው ጠቆር አለ፤ ወዲያው ግን እሳቸውንም ሳቅ አመለጣቸው። ገጹን ገልብጠው "የሕክምና መርጃ" ብለው ጻፉላት።