ማኛ ጤፍና እሾሃሙ ሱፍ

እህል እንደ ሰው በሚያወራበት፣ እንደ ሰውም በሚተማማበት ዘመን ነው አሉ፤ ልየውና ሚስቱ ዘርትሁን አንዲት ማሳ ነበረቻቸው። ልየው መሬቱን አለስልሶ ማኛ ጤፍ ዘራ። ዘርትሁን ደግሞ ዳር ዳሩን ሱፍ ዘራችበት፤ ዳሩ አልበቃ ብሏት መሃሉ ላይም አንድ መስመር ጨመረች።

ማኛ ሆዬ አደግ ስትል ብታይ፣ አጠገቧ እሾሃሙ ሱፍ ተገትሯል። ደሟ ፈላ። ማዶ የጎረቤት ጤፍ ለብቻው እንደ ሙሽራ አምሮበት ስታየው በቅናት ትቃጠላለች። እኔን የመሰለች ከእሾህ ጋር ልዋል፣ ደግሞ ውሃዬን ሊጨርስብኝ ነው እያለች ቀኑን ሙሉ ታማርራለች። ሱፍ ነገር አይወድም። የምጠጣው አንቺ ከማትደርሺበት፣ ከታች ነው ብሏት ሥሩን ወደ ታች ሰደደ።

ማኛ መች ታርፋለች! መጀመሪያ ፀሐይን፣ አድርቂልኝ ብላ ለመነቻት። ፀሐይ ሳምንቱን ሙሉ ከረረች። የጠወለገችው ማኛ ራሷ ናት፤ ሱፍ ሥሩ ጥልቅ ነውና ጭራሽ አበበ፣ ንብም መጣለት። ቀጥላ ነፋስን፣ ጣልልኝ አለችው። ነፋስ ሲመጣ የማዶው ጤፍ መሬት ላይ ተኛ። ማኛን ሱፍ ከለላት፤ እሷ ግን ልብ እንኳ አላለችም። በሦስተኛው ፍልፈልን ጠርታ፣ ከፍሬዬ እሰጥሃለሁ፣ የዚህን ሰውዬ ሥር ቁረጥልኝ አለችው። ፍልፈል ለሆዱ ነው፤ በአንድ ወገን ያለውን ሱፍ ቆራርጦ ጣለው። ዳሩ ተከፈተ፣ ማኛም ደስ አላት።

ደስታዋ አልበረከተም። ከመንጋ የተነጠለች ላም መጥታ የማዶውን ጤፍ ሙልጭ አድርጋ በላች። በዚያ አልበቃትም፤ በተከፈተው ዳር ወደ ማኛ ገባች። ስትግጥ፣ ስትግጥ፣ ስትግጥ እኩሌታዋን ጨረሰቻት።

«ሱፍ፣ ወንድሜ፣ አለቅሁልህ!» አለች ማኛ።

«ከእኔ ወዲያ አታልፍም» አላት የመሃሉ ሱፍ።

ላሟ አፏን ስትሰነዝር ወጋት። ደግማ ሞከረች፣ ደግሞ ወጋት። በሦስተኛው ጅራቷን ሰቅላ ፈረጠጠች።

አጨዳ ሲደርስ ማዶ የሚታጨድ ጠፋ። እነልየው ቤት ግን የተረፈችው ማኛ ተወቅታ ገባች፤ ሱፍም ተከትሎ ገባ። ዘርትሁን ከሱፉ ከፊሉን ገበያ አውጥታ ጨውና በርበሬ ገዛችበት። ጎረቤትየው እህል ሊበደር ስልቻውን ይዞ ሲመጣ፣ ለከርሞ የምዘራው ሱፍም ጨምሩልኝ አለ።

ጾም ገባ። ዘርትሁን ሱፉን ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ አጠለለችና እንጀራ በሆነችው ማኛ ላይ ልታፈስሰው አቀረበችው። ማኛም ቀና ብላ አየችው።

«ደረቄን ብቀርብ ማን ይጎርሰኝ ነበር? ና፣ ግባልኝ» አለችው።

ሱፍም ሳይኮፈስ ገባላት።

እናንተም ስትዘሩ አንዱን ብቻ አምናችሁ አትዝሩ። አንዱ እህል ሲጠቃ ሌላው ይመክትለታል፤ አንዱ ሲያንስ ሌላው ያጠግባል።