ድንጋይ ተሸክሞ የመጣው እጮኛ

አንዲት ስንዱ የምትባል ወጣት ደምሴ የሚባል የበቅሎ ነጋዴ ትወድ ነበር። ታጭታለት የሠርጋቸው ቀን ሊቆረጥ ጥቂት ሲቀረው ግን ተለያዩ። ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። በጎረቤት ሠርግ ላይ፣ ወንድሜ እያለች ከምትጠራው ከአክስቷ ልጅ ጋር ስትጨፍር አይቶ፣ ክንዷን ይዞ ከመሀል ጎትቶ አወጣት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊትም «ዓይን አውጣ» ብሎ ሰደባት። የመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ በጓዳ ሲሆን የቆየው ነገር ነው አደባባይ የወጣው። ስንዱ ነጠላዋን አንስታ እናቷ ቤት ገባች፤ ከዚያ ወዲህ አላየችውም።

ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ ወሬ ይመጣ ጀመር። ደምሴ መጠጥ ተወ አሉ። ከሳ አሉ። ስሟን ሲሰማ ዕንባ ይቀድመዋል አሉ። ስንዱ ወሬውን የሚያመጡት ሁሉ የእሱ ወዳጆች መሆናቸውን ልብ ብላለች። መጠጥ ተወ የሚባለውም አልተዋጠላትም፤ በዚያ ሠርግ ላይ ጠጅ አልቀመሰም ነበርና። ቢሆንም የበቅሎው ቃጭል በመንደሩ ባለፈ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል። ስለዚህ እሱን ብቻ ሳይሆን የገዛ ልቧንም መጠርጠር ጀመረች።

እናቷ ወይዘሮ አሰገደች ግን ምንም አልጠረጠሩም።

«ጥርስና ምላስስ ይጋጭ የለም እንዴ?» አሏት።

«ይጋጫል እማዬ። ሁልጊዜ የምትነከሰው ግን ምላስ ናት።»

አንድ እሑድ ጠዋት የአገር ሽማግሌው አለቃ ፈንታ ሁለት ሰዎች አስከትለው ደጅ ቆሙ። ከኋላቸው ደምሴ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። በዚያ አገር ወግ በዳይ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፤ ተበዳይ «ይቅር ብያለሁ፣ ጣለው» እስኪል ድረስ ድንጋዩን አያወርድም። ብዙዎች ለወጉ ያህል ጠጠር ቢጤ ያነሣሉ። ደምሴ ግን የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ነበር ያመጣው። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። እናቷ አለቀሱ። «እንዲህ ያለውን የት ታገኛለች?» ያለም ነበር።

ስንዱ ላቡ በአንገቱ ሲወርድ አየች። «ጣለው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ይኼኔ ደምሴ ቀና ሳይል ተናገረ።

«ካስቀየምኩሽ ይቅር በዪኝ።»

ቃሉ ምላሷ ላይ ቀረ።

«ካስቀየምኩሽ?» አለችው። «ማስቀየምህን አታውቅም ማለት ነው?»

አለቃ ፈንታ ገቡበት። «ልጄ፣ አነጋገር ነው እንጂ። እባክሽ ቃል አትሰንጥቂ።»

«አለቃ፣ እርስዎ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ነዎት። ምን ስላደረገ ነው ድንጋይ የተሸከመው? እሱን ይንገረኝና በገዛ እጄ አወርድለታለሁ።»

ሽማግሌው ነገሩ ቀላል መሰላቸው። ወደ ደምሴ ዞረው «በል ልጄ፣ ተናገራ» አሉት።

«ታውቀዋለች» አለ ደምሴ።

«እኔማ አውቀዋለሁ» አለች ስንዱ። «አንተ ታውቀዋለህ ወይ ነው የምልህ።»

«ተናደድኩ። ስለምወድሽ ነው የተናደድኩት። አንቺም እኮ እንደዚያ ባትጨፍሪ ኖሮ…» አለና አቋረጠው። ፊቱ ቀላ። «ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው እንዴ ያቆምሽኝ?» አለና፣ ማንም ጣለው ሳይለው ድንጋዩን ከአንገቱ ወረወረው። ድንጋዩ አለቃ ፈንታ እግር አጠገብ አረፈ።

«ሰው ፊት መዋረድ ያማል፣ አይደል?» አለችው ስንዱ። በቁጣ አልነበረም፤ ትወደዋለችና። «ጥፋትህን በስሙ መጥራት የቻልክ ቀን ና። ሽማግሌም ድንጋይም አያስፈልግህም። ያን ጊዜ እንነጋገራለን።» ይህን ብላ ወደ ቤት ገባች።

አለቃ ፈንታ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እናቷ ዞሩ። «ወይዘሮ አሰገደች፣ እኔ ልለምንዎ ነበር የመጣሁት። አሁን ግን እግሬ መትረፉን አመስግኜ ልሂድ» አሉ።

ድንጋዩ እዚያው ደጃፍ ቀረ። እናቷ እየተቀመጡበት ልባቸው እስኪወልቅ ስንዱን ይቆጧታል። እሷም የቃጭል ድምፅ በሰማች ቁጥር ጆሮዋን ትሰጣለች። ደምሴ ግን እስካሁን አልመጣም።

መታረቅ መልካም ነው፤ ተለያይተው የሚመለሱ ወጣቶችም አይነቀፉም። ነገር ግን ናፍቆት ማስረጃ አይደለም። መክሳትም፣ ዕንባም፣ የከበደ ድንጋይም አይደለም። «ካስቀየምኩሽ» የሚል ሰው ጥፋቱን ገና አላገኘውም፤ ያላገኘውን ደግሞ ሊተወው አይችልም። «ስላስቀየምኩሽ» ካለ ግን በሩን ከፈት አድርጎ ማዳመጥ ይገባል።

አንቺ ልትመለሺለት ያሰብሽው ሰው የትኛውን ነበር ያለሽ? አንተስ ድንጋዩን ከማንሣትህ በፊት የተሸከምከውን በስሙ ልትጠራው ትችላለህ?