የተዘለለው አያት

አስካለች የምትባል ሴት የተበተኑ ዘመዶቿን እያፈላለገች የቤተሰቧን የትውልድ ሐረግ ትጽፍ ነበር። አንድ ቀን በልጅነቷ ወዳስተማሯት መምህር ሄደችና፣ «የኔታ፣ የአያቴ ወንድም በስርቆት ታስሮ ከዚያ ወዲያ ያልተመለሰ ሰው ነው። ዘመዶቼ ‹እሱን እለፊው፤ ለልጆቻችን ነውር አታውርሺ› ይሉኛል። ብተወው ጥፋት አለው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

የኔታም እንዲህ አሏት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም ነው፤ በአገሩም የተከበረ። ይህ ሰው ግን በአምስተኛ አያቱ፣ ከሞተ ብዙ ዘመን ባለፈው በቢያዝን ያፍር ነበር። ቢያዝን ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ገበሬው ሁሉ በእሱ ማረሻ ያርሳል፤ ማዕድ አብሮት የሚቀርብ ግን አልነበረም፤ ቡዳ ነው ይሉት ነበርና። ሲሞት ሁለቱ ልጆቹ የአባታቸው ስም ወደማይታወቅበት አገር ተሰደዱ። ወንዱ ሀብታሙ ወደሚኖርበት አገር መጣ፤ ሴቷ ወንዙን ተሻገረች። ከዚያ በኋላ አልተገናኙም።

ሀብታሙ ይህን ሁሉ ከአባቱ ሰምቷል። ዘርህን ቁጠር ሲባል ግን በቢያዝን ቦታ አንድ ቄስ ያስገባ ነበር። ያ ቄስ ተፈጥሮም አያውቅም።

ሰውየው አንዲት ልጅ ነበረችው። ከወንዝ ማዶ ከጨዋ ቤት ሽማግሌ ተላከባት። እሷም ሽማግሌ የላከውን ልጅ ገበያ ላይ አይታው ወድዳው ኖሯል፤ ስትሰማ ደስ አላት። እንደ ደንቡ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ትውልድ ቆጠሩ፤ ዝምድና ካለ ጋብቻ የለምና። አንድም ስም አልገጠመም። «አይገናኙም» ተባለ፤ ቀን ተቆረጠ፤ ጠላ ተጠመቀ።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው የሀብታሙ አጎት ለድግሱ ከሩቅ መጣ። ያረጀ ሰው ነው። ሙሽራው የየት አገር ልጅ እንደሆነ ጠየቀና ሲነግሩት ሀብታሙን ወደ ጓሮ ወሰደው።

«የቢያዝን ሴት ልጅ የገባችው እዚያ አገር ነው ይባላል» አለው። «ስትቆጥሩ ስሙን ጠራኸው?»

«አልጠራሁትም።»

«እንግዲያ ምኑን ቆጠራችሁ?»

ሀብታሙ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ዝም ቢል የሚያጋልጠው የለም። አጎቱ እንኳ ቢናገር ጃጅቷል ተብሎ ይታለፋል። ቢናገር ደግሞ ዕድሜ ልኩን የገነባው ክብር በአንድ ቃል ይፈርሳል። በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ልጁ መጥታ ጉልበቱን ሳመችና «አባዬ፣ መርቀኝ» አለችው። አፉን ከፈተ፤ ምርቃቱ ግን አልወጣው አለ።

ያኔውኑ የሁለቱን ወገን ሰዎች አስጠራ። ሲሰበሰቡ በዳሱ መካከል ቆመ።

«የቆጠርኩላችሁ ቄስ ውሸት ነው» አለ። «አምስተኛ አያቴ ቢያዝን ነው። ቀጥቃጭ ነበር። ሴት ልጁ ወደ እናንተ አገር ተሻግራለች ይባላል። ታውቋት እንደሆነ ንገሩኝ።»

የሙሽራው አባት አቀርቅሮ ቀረ። ከሴቶቹ መካከል የሙሽራው ሴት አያት ተነሱ።

«እስቲ ስሙን ድገመው» አሉ።

ደገመላቸው።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። «አያቴ ልትሞት ስትል ይህንኑ ስም በጆሮዬ ነግራኛለች፤ ለማንም እንዳልናገርም አስምላኛለች። እኛም በእሱ ቦታ የሌለ ሰው አስገብተናል» አሉ።

ሁለቱም ቤት የደበቀው አንድ ሰው ነበር።

ጋብቻው ፈረሰ። ከተጠራው እንግዳ አንዳንዱ የቀጥቃጭ ዘር ቤት አልበላም ብሎ ሳይቀምስ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሀብታሙ ሲመጣ ከመቀመጫው የሚነሳለት ሰው አነሰ። የቀሩት ግን ጠላውን ጠጡ፤ እገሌ የእገሌ ልጅ እየተባባሉም እስኪመሽ ሲተዋወቁ ዋሉ። ከዚያም ሁለቱ ቤቶች በሐዘንም በደስታም ይጠራሩ ጀመር።

ልጅቱ ግን አባቷን፣ «ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ ከመጀመሪያው እንደ ወንድሜ አየው ነበር። አሁን ምን ላድርገው?» አለችው። እሷም ብዙ ዓመት ያንን ወንዝ አልተሻገረችም።

የኔታ ይህን ተናግረው ወደ አስካለች ዞሩ።

«አንቺም ልጄ፣ ዘመድ ፍለጋ ወጥተሽ ዘመድ የሚሆንሽን ሰው ልትዘልዪ ነው። እነዚያ ሰዎች ቢያዝንን የዘለሉት ነውር ፈርተው ነው፤ የተጎዳችው ግን ምንም የማታውቅ ልጅ ናት። የአያትሽ ወንድም ሰርቋል እንበል። ከእስር ወጥቶ ልጆች ወልዶ ከሆነስ? እነሱ ምን ሰረቁ? እናንተ ስሙን ካጠፋችሁት ነገ መጥተው የማን ዘመድ ነን ይበሏችሁ? ስሙን ጻፊው። ያደረገውንም አትሸፋፍኚ።»

አስካለችም፣ «ታዲያ ፍለጋውን ከየት ልጀምር፣ የኔታ?» አለች።

«የታሰረው የት ከተማ ነው?»

ነገረቻቸው።

«በይ እንግዲያ ወደዚያ ሂጂ» አሏት።