ከመስከረም በፊት አደይ የፈለገው ሽባባው

«አደይ ላያስቸኩል፣ ማሳውን ጦም አሳደረ» የምትለዋን አባባል ዛሬ ሁሉም እንደ ዋዛ ጣል ያደርጋታል። መነሻዋን ያየ ግን አይስቅም፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሽባባው የሚባል ጎረቤት ነበረን። በደጁ መደብ ሠርቶ የፈረንጅ አበባ ይተክላል፤ ውኃ ካጠጣው በጋ ክረምት ሳይል ይፈነዳለታል። እጁ ለአበባ የተባረከ ነበር። መጠበቅ ግን አያውቅም።

በየካቲት ሽማግሌውን አባ ጓንጉልንና እኔን ይዞ ስመኝን ለትዳር ሊጠይቅ ሄደ። አባቷ አያ ደመላሽ፣ «ልጄን አልነፍግህም። አደይ ሲፈነዳ ና፤ አዝመራህን አይቼ እድርልሃለሁ» አሉት።

«ሰባት ወር ሙሉ!» አለ ገና ከደጃቸው ሳንርቅ። «ሌላ ሰው ቢቀድመኝስ?»

«ምነው አንተ! እርሻህን እያረስክ ጠብቅ እንጂ!» አሉት አባ ጓንጉል።

ማን ሊሰማ! ከማሳ ዳር የደረቀ አደይ አራግፎ ቶሎ እንዲፈነዳለት ዘሩን በመደቡ ዘራው። ከወንዝ አንድ ባልዲ፣ ተመልሶ ሌላ ባልዲ። አደዩ በቀለ፣ ጉልበት ደረሰ፣ ወገብ ደረሰ። የፈረንጁ አበባ ከጎኑ በላይ በላዩ ሲፈነዳ፣ አደዩ አንድ እንቡጥ እንኳ የለው!

እኛ ስናርስ እሱ ባልዲ ተሸክሟል። ክረምት ገብቶ ጤፍ ስንዘራ ደግሞ ቅጠል እየገለጠ እንቡጥ ይፈልጋል። «ኧረ በሬዎችህን ጥመድ!» ስለው፣ «ነገ ይፈነዳል፤ እሷን አግብቼ አብረን እንዘራለን» ይለኛል። አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተው። አሳዘነኝ፤ አናደደኝም።

መስከረም ጠባ። ማንም ያላጠጣው የመንገድ ዳር አደይ ፈነዳ፤ የእሱም መደብ በዚያው ሰሞን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀድም። ሽባባው እቅፍ ሙሉ ቆርጦ ወደ አያ ደመላሽ ቤት ሮጠ፤ እኔና አባ ጓንጉልም ተከተልነው።

አያ ደመላሽ አበባውን ተቀበሉና ቁልቁል ወደ ማሳው አዩ። የሰው ሁሉ ጤፍ አረንጓዴ ነው። የሽባባው መሬት ግን ሳይታረስ ቀርቶ፣ ከዳር እስከ ዳር አደይ ወርሶታል።

«አደዩስ ፈነዳ። ልጄ ምን ትብላ?» አሉት።

ስመኝ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። አባ ጓንጉል መሬት መሬቱን እያዩ፣ «አይ ልጄ! አደይ ላያስቸኩል፣ ማሳውን ጦም አሳደረ» አሉ።