መጽሐፉ ላይ ያልተጻፈው ኤጭ

ወገኖቼ፣ አዳማ ውስጥ አንዲት እናት አለች። ታሪኩን ተናገር፣ ስሜን ግን ተወው ብላኛለችና ስሟን አልነግራችሁም። ሶስና ብዬ የምጠራት ልጅ አለቻት፤ መዋዕለ ሕፃናት የገባች፣ ገና ፊደል የምትቆጥር።

ይህች እናት ለልጇ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ገዛችላት። የዓለም ልጆች ምን እንደሚበሉ የሚያሳይ ነው። በአንዱ ገጽ አባትና ልጅ ጥሬ ዓሣ ቀርቦላቸው ፈገግ ብለዋል። በሌላው አንዲት እናት የተጠበሰ አንበጣ ለልጆቿ ታድላለች። ከየሥዕሉ ሥር አጭር ጽሑፍ አለ። የመጨረሻው ገጽ የእኛ ነው፤ አንዲት ልጅ አባቷን ታጎርሳለች።

ጥሩ መጽሐፍ አይደለም? ጥሩ ነው። እናትዮዋም እራት እስኪደርስ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታነብላታለች። ታዲያ አንድ አመል አለባት። ጥሬ ዓሣው ጋ ስትደርስ፣ «ኤጭ፣ ሲቀፍ! እሳት የላቸውም እንዴ?» ትላለች። ልጅቷ በሳቅ ትፈርሳለች። አንበጣው ጋ ሲደርሱም ኤጭ ነው። የእኛ ገጽ ላይ ብቻ ኤጭ የለም።

ለመሆኑ «እሳት የላቸውም እንዴ» ያለችው ሴት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምን በላች? ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ያወቃችሁት መሰለኝ። ቁርጥ ነዋ! ጥሬ ሥጋ፣ በአዋዜ። የራስ ነገር መቼ ይቀፍና።

በዚያ ዓመት ከኮንሶ የመጣ ቤተሰብ ሰፈሩ ውስጥ ቤት ተከራየ። ልጃቸው ሊዲያ ከሶስና ክፍል ገባች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሊዲያ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ኩርኩፋ ነበር፤ በቆሎው ድብልብል ተደርጎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ። ያደገችበት ምግብ ነው፣ እናቷ ማልዳ ተነሥታ የሠራችላት። ሶስና አንገቷን አስግጋ አየችውና እንደ እናቷ አድርጋ፣ «ኤጭ፣ ሲቀፍ!» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ሊዲያ ምሳ ዕቃዋን ከደነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዋ እንደ ሄደ ይመለስ ጀመር። እናቷ ብትቆጣትም ብትለምናትም አልበላ አለች። ልጅቷ ከሳች። ቆይቶም ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ የበሩን መቃን ይዛ ታለቅስ ገባች።

መምህርቷ ነገሩን ስትደርስበት የሶስናን እናት አስጠራች። ሶስናን አጠገቧ አድርጋ፣ ይህን ነገር ከየት ተማርሽው ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ምንም አልፈራችም፤ ከመጽሐፌ ነው አለች።

እናትዮዋ አላመነችም። ልጄ አትዋሽም፣ ግን መጽሐፉ እንዲህ አይልም ብላ ከቤት አመጣችው። መምህርቷ ዓሣው ያለበትን ገጽ ገልጣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ልጁና አባቱ ከባሕር ዳር እንደሚኖሩ፣ ዓሣ እንደሚወዱ ይላል። ሌላ ምንም የለም።

«የታለ ኤጭ፣ ሶስዬ?» አለች መምህርቷ።

ሶስና ገጹን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየች።

«እማዬ ስታነበው አለ።»

አያችሁ? ልጅቷ ማንበብ አትችልም። ኤጭ የተጻፈ መስሏታል። እናትዮዋ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ለልጇ ዓለምን ላሳያት ብላ መጽሐፍ ገዝታ፣ በገዛ አፏ ዓለምን አስጠላቻት።

ቅዳሜ ልጇን ይዛ የሊዲያ ቤት ሄደች። የሊዲያ እናት ነገሩን ሁሉ ታውቃለች፤ ግን እንግዳ ነውና አልገፋቻቸውም፣ ቤት ያፈራውን አቀረበች። ኩርኩፋ ነበር። እናትዮዋ ይቅርታ ልትል ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። በመጨረሻ ወደ ሊዲያ ዞር ብላ፣ «የኔ እናት፣ ታጎርሺኛለሽ?» አለቻት።

ሊዲያ እናቷ ጀርባ ተሸሸገች። «ኤጭ ይሉብኛል» አለች።

እናትዮዋ ዕንባዋ መጣ። አፏን ከፈተች። ጠበቀች። ልጅቷ ቀስ ብላ ወጣች፣ በትንንሽ ጣቶቿ አነሣች፣ አጎረሰቻት። እናትዮዋ አላምጣ ዋጠችና ምን አለች? እኛ ስናጎርስ የምንለውን አለች። «አንድ ያጣላል፤ ድገሚኝ።» ሊዲያ ሳቀች። ደገመቻት። ሶስናም፣ «እኔስ?» ብላ አፏን ከፍታ ተጠጋች።

ሰኞ የሊዲያ ምሳ ዕቃ ባዶውን ቤት ገባ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ለልጆቻችሁ ምን እያነበባችሁ ነው? መጽሐፉን አይደለም የምጠይቃችሁ። የጎረቤታችሁ የሠርግ ዘፈን ሲሰማ ምን ትላላችሁ? ታክሲ ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚያወራ ሰው አጠገባችሁ ሲቀመጥ ፊታችሁ ምን ይመስላል? ጌታ ሰውን የሚያረክሰው ከአፍ የሚወጣው እንጂ ወደ አፍ የሚገባው አይደለም ሲል፣ እኛ ስለ ምግብ ብቻ ያወራ ይመስለናል። ልጃችሁ እኮ አጠገባችሁ ተቀምጧል፤ እግዚአብሔር በፈጠረው ሰው ላይ ኤጭ ስትሉ፣ እግዚአብሔር የጻፈው ይመስለዋል።

ስለዚህ ዛሬ ቤት ስትገቡ ልጃችሁን ይዛችሁ ያንን የማታንኳኩትን በር አንኳኩ። የቀረበላችሁን ቅመሱ፣ ልጃችሁ እያያችሁ። አንድ ጊዜ ሄዳችሁም በቃን አትበሉ።

አንድ ያጣላል።